ማን ማንን አስነሳ? የአንድ ቀይ ትራክተር ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመካኒክነት ተማሪዎች ሳለን፣ አርሲ ውስጥ በሚገኝ አንድ የማሠልጠኛ ግቢ ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ትራክተር “አገኘን”። አገኘን ስንል ማጋነናችን ነው። ትራክተሩ ድሮም እዚያው ነበር፤ ዶሮ ሲያድርበት፣ ሣር ሲበቅልበት። ቀይ ቀለሙ ረግፎ፣ መቀመጫው ዝጎ፣ የፊት ጎማዎቹ ተንፍሰው ቆሟል። ማሴ ፈርጉሰን 135 ነው። አራት ሆነን “እናስነሳዋለን” አልን። አስተማሪያችን ሳቁና “ካስነሳችሁት ምሳ በእኔ ነው” አሉ። እንግዲህ ተማሪ በምሳ ቀልድ አያውቅም!

ሥራው ቀላል አልነበረም። የዛገ ብሎን ናፍጣ ተቀብቶ ያድራል፤ ጠዋት በቁልፍ ትሞክረዋለህ፤ እምቢ ካለህ ደግሞ ሌላ ሌሊት። ቴስታታውን አነሳን፣ የተቃጠለውን ጓርኒሲዮን ቀየርን፣ ሦስቱን ፒስተኖች አውጥተን ፋሻቸውን አየን። ሁሉን ገጥመን ስናበቃ ግን ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ለካ የናፍጣ ሞተር መስመሩ ውስጥ አየር ካለ ጨርሶ አይታዘዝም። የማስተንፈሻዋን ብሎን ላላ አድርገን፣ የናፍጣ መሳቢያዋን በእጅ እየመታን፣ አረፋው እስኪያልቅና ንጹሕ ናፍጣ እስኪፈስ ጠበቅን። ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ጮህን፣ ተቃቀፍን፣ ግራሶ በግራሶ ሆንን።

ጩኸቱን ሰምተው የግቢው ዘበኛ መጡ። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ድምፁን አዳመጡ። እኛም በኩራት “አባባ፣ አስነሳነው!” አልናቸው።

“እናንተ እሱን አስነሳችሁት፤ እኛን ግን ያስነሳን እሱ ነው” አሉን።

መጀመሪያ የቃላት ጨዋታ መስሎን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። አባታቸው የሰው መሬት የሚያርሱ ጢሰኛ ነበሩ። እሳቸው ገና ልጅ ሳሉ አንድ ክረምት ሊገባ ሲል ባለመሬቱ እንዲህ ያለ ቀይ ትራክተር አምጥቶ “ከእንግዲህ በሬ አያስፈልገኝም” አለ። በሬ አያስፈልገኝም ማለት ባለ በሬውም አያስፈልገኝም ማለት ነው። ቤተሰቡ ዕቃውን በአህያ ጭኖ ወጣ።

የዚያን ቀን ምሳው ተበላ፤ ነገሩ ግን ከሆዳችን አልወጣም። ሞተሩን እስከ መጨረሻዋ ዳዶ አውቀነዋል፤ የመጣበትን መንገድ ግን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ማንበብ ጀመርን።

የትራክተሩ አባት ሃሪ ፈርጉሰን የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ነው። ከእሱ በፊት ትራክተር ማረሻን ከኋላው እንደ በሬ ነበር የሚጎትተው። ማረሻው ድንጋይ ከነካ ትራክተሩ ፊቱን ወደ ሰማይ አንሥቶ ነጂው ላይ ሊገለበጥ ይችል ነበር። ፈርጉሰን ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር አጣብቆ በሃይድሮሊክ የሚነሳና የሚወርድ አደረገው። አፈሩ ማረሻውን ሲታገል ጉልበቱ የኋላ ጎማዎቹን ወደ መሬት ይጫናቸዋል። በዚህ የተነሳ ቀላልና ትንሽ ትራክተር የከባዱን ሥራ መሥራት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር ያለ ፊርማ፣ በመጨባበጥ ብቻ ተዋዋለ። ነገሩ ኋላ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር ተቋጨ። በ1953 ኩባንያው ማሴ ሃሪስ ከተባለው የካናዳ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ፤ የእኛ 135 ደግሞ በ1964 ወደ ገበያ ወጣ።

ፈርጉሰን ያሰበው ስለ ትንሹ ገበሬ ነበር። ትንሽ፣ ርካሽ፣ ለሁሉም የሚሆን ማሽን። ታዲያ አርሲ ሲደርስ ምን ነካው?

እዚህ ላይ የሁለት 1967ዎች ታሪክ ይመጣል። አንዱ የፈረንጅ፣ አንዱ የእኛ ነው፤ በመካከላቸው ስምንት ዓመት ገደማ አለ።

በፈረንጁ 1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጭላሎ አውራጃ “ካዱ” የተባለውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት መሠረቱ። ዓላማው ቅዱስ ነበር፤ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለአነስተኛው ገበሬ ማድረስ። በሬ የሚጎትታቸው የተሻሻሉ ማረሻዎችንም ይሞክር ነበር። ስንዴው አማረ፣ ምርቱ ጨመረ። ችግሩ የመጣው ምርቱ ሲጨምር ነው። መሬቱ የባለመሬቱ ነዋ! ጢሰኛው የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ይገብራል፤ ባለመሬቱ ግን ሒሳቡን ሲሠራ “ትራክተር ከገዛሁ ሁሉም የእኔ ነው” የሚል መልስ አገኘ። መንግሥት ደግሞ ትራክተር ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። ጢሰኛውን ከመባረር ይጠብቃል የተባለው ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ውስጥ ሳይጸድቅ ቀረ። ለትንሹ ገበሬ የመጣው ልማት ትንሹን ገበሬ አስነሳው።

ለነገሩ ጥያቄው አስቀድሞ ተነሥቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች “መሬት ለአራሹ” ብለው ሰልፍ የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው፤ ከካዱ በፊት። የሰማቸው አልነበረም።

ሁለተኛው 1967 የእኛው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ አወጀ። ጢሰኝነት በአንድ ቀን ቀረ። ትራክተሮቹስ? ሰፋፊዎቹ የመካናይዝድ እርሻዎች የመንግሥት እርሻ ሆኑ፤ መሪው ከባለመሬቱ እጅ ወጥቶ መንግሥት እጅ ገባ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ድጋፍ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ዘመኑም የቤላሩስ ትራክተር ዘመን ሆነ። የዘበኛው አባት መሬት አገኙ፤ ትራክተር ግን አላገኙም። በበሬ እንዳረሱ ኖሩ፣ በበሬ እንዳረሱ ሞቱ።

ይህን የምንጽፈው ትራክተርን ለመርገም አይደለም። ሞፈርና ቀንበር በሥዕል ያምራል እንጂ ከንጋት እስከ ማታ ለያዘው ሰው አያምርም። ዛሬ አርሲና ባሌ ውስጥ ገበሬዎች ማሳቸውን በኩታ ገጠም አገናኝተው ትራክተርና ኮምባይነር ይከራያሉ፤ ጥሩ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ እንደገና ፈቅዷል፤ ይህም ጥሩ ነው። እኛ የምንለው ከቀረጥ ነፃ የገባ ትራክተር ድሮም አይተናል ነው። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፤ ልዩነቱ ያለው በስንዴው ክፍፍል ላይ ነው።

የእኛን 135 ቀለም ከመቀባታችን በፊት የተቋሙ የጥገና ቅጽ ተሰጥቶን ነበር። የሞተር ቁጥር፣ የተቀየሩ ዕቃዎች፣ የቀድሞ ባለቤት ይላል። ከእሱ በፊት መሬቱን ማን ያርስ እንደነበር የሚጠይቅ መስመር የለውም። “ማስታወሻ” በሚለው ቦታ ላይ ሁለቱን 1967ዎች ጻፍናቸው። አስተማሪያችን አነበቡትና ምንም ሳይሉ ፈረሙ።

ቀለሙ ሲደርቅ ዘበኛው ተመልሰው መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ጭቃ መከላከያውንም በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

“አሳምራችሁታል፣ ልጆቼ” አሉ። “ግን አሁን ማን ሊነዳው ነው?”