በዘርማት የአገር ሰው ለመሆን 18 ዓመት

ወደ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች ቤት ስንሄድ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ «የአገሩ ሰው የምንባለው መቼ ነው?» የሚል። እኛም ክሊታ ማእከል በነበርን ጊዜ ጠይቀነዋል። በዛሬው ጽሑፋችን ይኸው ጥያቄ በአንዲት የስዊዘርላንድ ተራራማ ከተማ ያስነሣውን ክርክር እናወሳለን።

ዘርማት የምትገኘው በቫሌ ካንቶን፣ ለጣልያን ወሰን ቅርብ በሆነ ቦታ፣ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ከበላይዋ 4,478 ሜትር ከፍታ ያለው የማተርሆርን ተራራ ይታያል። ዛሬ ጎብኚ የማይለያት ከተማ ናት፤ የቤንዚን መኪና ስለማይፈቀድ እንግዳው በባቡር ገብቶ በእግሩ ወይም በኤሌክትሪክ መኪና ይዘዋወራል። በሆቴሎቹ ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ ከፖርቱጋል የመጡ ናቸው።

ከ1850 በፊት ግን ዘርማት ከብት የሚረባባት፣ አጃ የሚዘራባት ድሀ መንደር ነበረች። የእንጨት ጎተራዎቿ ዛሬም አሉ፤ አይጥ እንዳይወጣባቸው በእግሮቻቸው ላይ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎባቸዋል። የጎንደር ገበሬ ቢያያቸው ምክንያቱን ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ደኑና የበጋው ግጦሽ የግለሰብ ሳይሆን የነባር ቤተሰቦች ማኅበር ሀብት ነበር። አባሉ እንጨትና ግጦሽ ያገኛል፤ በምትኩ መንገድ ሲጠገን፣ የውኃ ቦይ ሲጠረግ በጉልበቱ ይሠራል። አባልነቱም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። በስዊዘርላንድ ሰው በመጀመሪያ የአንድ መንደር ዜጋ ነው፤ የካንቶኑና የአገሩ ዜግነት ከዚያ ይከተላል። ስለዚህ በአንድ መንደር መኖርና የዚያ መንደር ልጅ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሌክሳንደር ዛይለር የገጠመው ይህ ነበር። ሰውየው የውጭ አገር ሰው አይደለም፤ የዚያው የቫሌ ካንቶን ተወላጅ፣ ከጎምስ ሸለቆ የመጣ ሳሙና ሠሪ ነበር። በ1850ዎቹ ዘርማት ገብቶ አንዲት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ተከራየ፤ ሞንቴ ሮዛ የተባለውን ሆቴልም አቋቋመ። በ1865 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐርና ጓደኞቹ ማተርሆርንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጡ፣ ከሰባቱ ሰዎች አራቱ በመመለሻቸው ላይ ወድቀው ሞቱ። ወሬው አውሮፓን አዳረሰ፤ ጎብኚው ይሸሻል ሲባል ይባሱን በዛ። የዛይለርም ሥራ ሰፋ።

በ1871 ዛይለር የዘርማት ዜግነት ጠየቀ። ነባሮቹ እምቢ አሉ። እውነቱን ለመናገር ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ደኑ ያው ደን፣ ግጦሹም ያው ግጦሽ ነው፤ አንድ ሀብታም በተጨመረ ቁጥር የድሀው ድርሻ ያንሳል። ነገር ግን ራሳቸውም እርሱ ባመጣው እንግዳ መጠቀም ጀምረው ነበር፤ በ1879 ዘርማተርሆፍ የተባለውን ትልቅ ሆቴል በማኅበራቸው ስም ሠርተዋል። የእርሱን መንገድ ወደዱት፣ እርሱን ግን አልተቀበሉትም። ይህ አይነቱ ነገር ለብዙዎቻችን እንግዳ አይመስለንም። ጉዳዩ ከመንደሩ ወደ ካንቶኑ፣ ከካንቶኑም ወደ ፌዴራሉ መንግሥት ሄደ። ዜግነቱ የተሰጠው በ1889 ነው፤ ከ18 ዓመት በኋላ።

በ1950 በወጣው የመመለስ ሕግ የመጣን ሰዎች ተኡዳት ዜኡቱን የያዝነው ገና ዳቦ መግዣ የሚሆን ዕብራይስጥ ሳንማር ነው። ዛይለር የሰዉን ቋንቋ ያውቅ ነበር፤ ለመንደሩ ልጆች ሥራ ይሰጥ ነበር፤ ወረቀቱ ብቻ ቀረው። እኛ ደግሞ ወረቀቱን ይዘን የቀረንን ሌላውን ነገር እንፈልጋለን። በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ሲጠብቁ የኖሩ ዘመዶቻችንን ስናስብ ግን «ወረቀት ምን ያደርጋል» ለማለት አፋችን አይደፍርም።

ዛይለር በዜግነቱ የኖረው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1891 ሞተ። ከፊስፕ ተነሥቶ ዘርማት የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ የተከፈተውም በዚያው ዓመት ነበር።