በንጉሥ አጥር ሥር የነበረ ቤት፦ ክራፕፍ በአንኮበር

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር የደረሰ ሰው፣ የሸዋ ነገሥታት ስፍራውን ለምን እንደ መረጡት አይጠፋውም። ተራራው ራሱ ምሽግ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) በአናቱ ላይ የነበረው ቤተ መንግሥት በተደራረበ የእንጨት አጥር የተከበበ ነበር። ከገደሉ በታች የአልዩ አምባ ገበያ አለ። በዚያ አካባቢ ከጨው፣ ከቡናና ከጨርቅ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ከንግዱም ለንጉሡ ቀረጥ ይገባ ነበር።

ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1839 ከባልደረባቸው ከኢዘንበርግ ጋር ሸዋ ገቡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለሱ ክራፕፍ እስከ 1842 ድረስ ቆዩ። የባሪያ ንግድን አጥብቀው የሚጠሉ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ቤታቸው የራሱ ምሽግ አልነበረውም፤ የተጠለለው ቀረጡን በሚቀበለው ንጉሥ አጥር ሥር ነበር።

ክራፕፍ ተስፋቸውን በከፊል በእንግሊዝ መንግሥት ላይ ጣሉ። ካፒቴን ሃሪስ በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመሩ ሲመጡ ክራፕፍ ረዷቸው። በኅዳር ወር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ፤ የባሪያው ገበያ ግን አልተዘጋም። ንጉሡ ከአውሮፓውያን አብዝተው የሚፈልጉት ጠመንጃና የእጅ ጥበብ ባለሙያ ነበር። ክራፕፍም በ1842 ከሸዋ ወጥተው ሊመለሱ ሲሞክሩ መንገዱ ተዘጋባቸው።

ታዲያ ከዚያ ቤት ምን ተረፈ? ክራፕፍ በርኪ በሚባል የኦሮሞ ወጣት ርዳታ ኦሮምኛ አጥንተው የማቴዎስን ወንጌል ተርጉመው ነበር። ቋንቋው ወደ ገበያ ከሚነዱት የብዙዎቹ ነበር። ትርጉሙ በ1841 ሲታተም አንኮበር የሚለው ስም በርእስ ገጹ ላይ ሰፈረ። ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። ተርጓሚው በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡትና በምጽዋ ነፃ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው፤ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖም በሥራው አግዛለች። ኦኔሲሞስ የሚለው ስም ጳውሎስ ወደ ፊልሞና መልሶ የላከው፣ ከእንግዲህ እንደ ወንድም እንዲቀበለው የለመነለት ሰው ስም ነው።

በአገራችን ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው። የክራፕፍ ታሪክ ግን ለአገልጋይ ሌላ ጥያቄ ይተውለታል፦ ስለ ተገፋው የምንናገረው በማን አጥር ሥር ተጠልለን ነው? የንጉሡ አጥር አስጠጋ፣ መልሶም አስወጣ። ለተገፋው በገዛ ቋንቋው የተሰጠው ቃል ግን ከአጥሩ አልፎ ሄደ።