የክፉ ቀን ልጆችና የታሪክ ትምህርት

ለአንድ ሟች በአርባ ቀንና በዓመት ተዝካር የሚያወጣ ሕዝብ፥ በረኃብ ላለቁት ብዙ ወገኖቹ መታሰቢያ ሊያጣ አይገባውም። የእነርሱም መታሰቢያ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ለልጆች በእውነት ማስተማር ነው። ስለዚህ ደብሩ ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ፥ የወልድያ፥ የመርሳና የሀብሩ ሰዎች በልጅነታቸው ያዩትን መከራ ማሰብ የተገባ ነው።

አባቶች ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ዘመን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ነው። የከብት በሽታ ገብቶ በሬው ባለቀ ጊዜ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ያን ዘመን በልጅነት ያዩት ለልጅ ልጆቻቸው ነገሩና ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

በ1965 ዓ.ም. ደግሞ ረኃብ በወሎ ገባ፤ ይልቁንም በየጁ፥ በራያና ቆቦ፥ በአምባሰልም ቆላ ያለው ገበሬ፥ በአፋርም ያለው ከብት አርቢ ተጎዳ። ዝናቡ ቀርቶ ነበር፤ ሰውን የገደለው ግን የዝናብ መቅረት ብቻ አይደለም። ገበሬው የሚያጭደው ሲያጣ፥ የከብቱም ዋጋ ሲወድቅ፥ መግዣ አጣ እንጂ በደሴ ገበያ እህል አልጠፋም ነበር፤ ከወሎም እህል ተጭኖ ወደ ሌላ አገር ይሔድ ነበር። ሹማምንቱም ነገሩን ሸሸጉት። የሞተው ሰው ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የወረዱ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በአገሩ ቴሌቪዥን በፊልም ገለጠው።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ፊልም፥ የቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ተጨምሮበት፥ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዐሥር ዓመት ሲሞላ፥ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፥ በዚያ ፊልም የከሰሰው መንግሥት ራሱ በዓሉን በታላቅ ወጪ ሲያከብር፥ በወሎና በትግራይ ሰው እየሞተ ሳለ እንዳይወራ አደረገ። በጥቅምት ወር ከኮረም የተላከው የቢቢሲ ፊልም ነው ዓለምን ያነቃው። ጦርነትም ተጨምሮበት ነበርና የሟቹ ቍጥር ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። ታሪክ ለመክሰሻ ብቻ ሲነገር፥ ለመማሪያ ግን ሳይሆን ሲቀር፥ እንዲህ ይደገማል።

ልጅ ይህን ሁሉ አያውቅም። ልጅ የሚያስበው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወጣው መንገድ ዳር የተቀመጡትን ሰዎች፥ ስንዴ የጫነውን መኪና ድምፅ፥ የፋፋውን ጣዕም፥ ትናንት አብሮት ከብት ይጠብቅ የነበረውን ጓደኛውን ዛሬ ማጣቱን ነው። አንዳንዱም ዘመዶቹ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ወለጋ ወይም ወደ መተከል ለሠፈራ ተጭነው ሲሔዱ አይቷል። በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ጠጉሩ ሸብቷል። ብዙዎች ግን በእርዳታ ስንዴ ማደጋቸውን እንደ ነውር ቈጥረው ለልጆቻቸው አይነግሩም።

ሌሎችም የእግዚአብሔር ቍጣ ነው ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ምሕላና ንስሓ የተገባ ነው፤ ዮሴፍ ግን በግብፅ ሳለ ሰባቱን የራብ ዓመታት አስቀድሞ ዐውቆ ጎተራ ሞላ እንጂ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ነቢዩ ኢዩኤልም አንበጣው አገሩን በበላ ጊዜ አባቶች ለልጆቻቸው፥ ልጆቻቸውም ለልጆቻቸው እንዲነግሩ አዟል። ስለዚህ መከራውን መንገር፥ ምክንያቱንም መመርመር ከሃይማኖት ውጭ አይደለም።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነት ወልድያንና መርሳን ባገኘ ጊዜ፥ የዚህ ዘመን ልጆች ደግሞ የራሳቸውን ክፉ ቀን አዩ። እንግዲህ በ1977 ዓ.ም. ልጅ የነበረው መምህርና ጦርነቱን ያየው ተማሪ በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። መምህሩ ያየውን ከሰማው ለይቶ ቢናገር፥ ተማሪውም ያለ ፍርሃት እንዲናገር ቢፈቅድለት፥ ሁለቱም ይጽናናሉ። በልጅ ልብ ቂም የሚዘራ ግን ታሪክ አስተማረ አይባልም።

ቤተ ክርስቲያን የታሪክን አስተማሪነት ከጥንት ታውቀዋለች፤ በየዕለቱ ስንክሳር ስታነብ የቅዱሳኑን ስም ከነቀኑ ታስባለችና። እንደዚሁ የደብሩ ካህናትና የትምህርት ቤት መምህራን ተባብረው ሽማግሌዎችን ይጠይቁ፤ በየትኛው ዓመት፥ በየትኛው ቀበሌ፥ ምን እንደ ታየ፥ ማን እንደ ረዳ፥ ማንስ እንደ ሸሸገ ይጻፍ። በወሎ ቅሬ ክርስቲያኑንና እስላሙን በቀብር እንደሚያስተባብር ሁሉ፥ ምስክርነቱም ከሁለቱ ወገን ይሰብሰብ። ያዩት ሰዎች ሳያልፉ ይህ ከተደረገ፥ የዛሬው ልጅ ነገ ሹም ወይም ነጋዴ ወይም ገበሬ በሆነ ጊዜ፥ የረኃብን ምልክት አስቀድሞ ያውቃል፤ ዝምም አይልም።

የሞቱትን ነፍሳቸውን ይማር፤ የተረፉትንም ለመመስከር ያብቃቸው። አሜን።