የጋራ ቀፎ፦ የሞባይል ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ወደ ተራው ሕዝብ የደረሰበት መንገድ

በኢትዮጵያ አብዛኛው ሕዝብ ኢንተርኔትን የተዋወቀው በኮምፒውተር ሳይሆን በእጅ ስልክ በመሆኑ፣ የኢንተርኔቱ ታሪክ ከስልኩ ታሪክ ተነጥሎ ሊጻፍ አይችልም። በብዙ አገሮች አገልግሎቱ ከመሥሪያ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት፣ ከመኖሪያ ቤት ወደ ኪስ በየተራ ሲሸጋገር፣ በኢትዮጵያ ግን መካከለኛው ደረጃ ተዘሎ፣ ቤታቸው የስልክ ገመድ ገብቶ የማያውቅ ሰዎች እጅ ላይ በቀጥታ አረፈ። የዚህ ለውጥ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በደንበኞች ቁጥር ነው፤ ይሁን እንጂ ቁጥሩ አንድ ቀፎ ስንት ሰው እንደሚያገለግል አይናገርም፤ ከኢንተርኔት የወረደ መዝሙር፣ ዘፈን ወይም መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ከእጅ ወደ እጅ ምን ያህል እንደሚጓዝም አያሳይም። ተራው ሕዝብ ኢንተርኔትን በምን ያህል ስፋት ይጠቀማል የሚለው ጥያቄ በቂ መልስ የሚያገኘው፣ ሕዝቡ ከኢንተርኔት በፊት በስልክ ሲገለገል ያዳበረው የጋራ ልማድ አብሮ ሲታይ ነው።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የዚያ ዘመን ትልቁ የስልክ ሥራ ነበር። መስመሩ የተዘረጋው በዋናነት ለመንግሥት ጉዳይ በመሆኑ፣ ተጠቃሚውም ለቤተ መንግሥትና ለአገረ ገዢዎች ቅርብ የሆነ ሰው ነበር። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ አገልግሎቱ ቀስ በቀስ ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች ቢሰፋም፣ ለአብዛኛው ነዋሪ ስልክ የቤት ዕቃ ሳይሆን ተሂዶ የሚገኝ አገልግሎት ሆኖ ቆየ። ሰው ወደ ቴሌ ቢሮ ሄዶ ተራ ይይዛል፣ ኦፕሬተሯ ከሩቁ ከተማ ጋር እስክታገናኘው ይጠብቃል፣ ስሙ ሲጠራም ለመነጋገሪያ ወደ ተከለለው ጠባብ ክፍል ገብቶ፣ ውጭ የተቀመጡት ሁሉ እየሰሙት ጉዳዩን ጮክ ብሎ ይናገራል። በከተማም ቢሆን ስልክ የገባለት ቤት የሰፈሩ ሁሉ ስልክ ነበር፤ የቤቱ ባለቤት ልጅ ልኮ የተፈለገውን ጎረቤት ያስጠራል፣ ጎረቤቱ ከሌለም መልእክቱን ተቀብሎ ያደርሳል። ይህን ልማድ የችግር ውጤት ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስላል፤ ምክንያቱም የሞት መርዶም ሆነ የልደት ብሥራት የቤተሰቡና የሰፈሩ ጉዳይ በሆነበት ማኅበረሰብ ውስጥ መልእክትን በሌላ ሰው በኩል መቀበል ነውር አልነበረም፤ ይልቁንም መተማመንን የሚጠይቅ የጉርብትና ግዴታ ነበር።

የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የቀረበው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተሠራበት ዘዴ ዳያል አፕ ይባላል፤ ይኸውም ኮምፒውተሩ በተራ የስልክ መስመር ደውሎ የሚገናኝበት፣ ዘገምተኛና መስመሩን ለሌላ ጥሪ የሚዘጋ አሠራር ነው። መደበኛ ስልክ ለማስገባት ዓመታት መጠበቅ በሚያስፈልግበት በዚያ ጊዜ አገልግሎቱ ከመሥሪያ ቤቶች፣ ከኤምባሲዎችና ከጥቂት ባለጸጎች ቤት ሊያልፍ አልቻለም። ተራው ሰው ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘው በደቂቃ ሂሳብ በሚያስከፍሉት የኢንተርኔት ካፌዎች ነው፤ እዚያም ቢሆን ብዙው ደንበኛ ራሱ አይጽፍም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የዲቪ ሎተሪ ምዝገባ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ እንዲሆን በወሰነ ጊዜ፣ ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ እጅግ ብዙ ሰዎች ወደ ካፌዎቹ መጉረፍ ጀመሩ፤ የካፌው ሠራተኛ ፎቶ ያነሣቸዋል፣ ስማቸውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ቅጹን ሞልቶ ይልካል፣ ማረጋገጫውንም አትሞ ይሰጣቸዋል። በዚያ ዘመን የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን የቆጠረ ሰው እነዚህን አመልካቾች በዝርዝሩ ሊያስገባቸው አይችልም ነበር፤ ሆኖም በሕይወታቸው ትልቅ ለውጥ የሚያመጣውን ጉዳይ የፈጸሙት በኢንተርኔት ነው።

የሞባይል ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ጠቅላላ አቅሙ ከ36,000 መስመር የሚዘል አልነበረም። ሲም ካርድ፣ ማለትም የደንበኛውን ቁጥር የምትይዘው ትንሽ ካርድ፣ በምዝገባና በወረፋ የምትገኝ ስለነበረች፣ ቀፎ የሚይዘው ነጋዴው፣ ባለሥልጣኑና የድርጅት ኃላፊው ነበር። በሩን ለተራው ሰው የከፈተው የቅድመ ክፍያ አሠራር ነው፤ ደንበኛው አስቀድሞ ካርድ ገዝቶ በሞላው ብር ልክ ብቻ ስለሚናገር፣ ቋሚ ደመወዝ የሌለው የቀን ሠራተኛም ያለ ወርኃዊ ዕዳ ባለ ስልክ መሆን ቻለ። ሒሳብ ለመቆጠብም ሚስድ ኮል፣ ማለትም ደውሎ ሳይነሣ መዝጋት፣ አስቀድሞ በተስማሙት ሰዎች መካከል እንደ መልእክት ያገለግል ጀመር።

የጽሑፍ መልእክት ግን የተለየ ዕጣ ገጠመው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ቀውስ በኋላ ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ሳይመለስ ቆየ። ኬንያ ኤምፔሳ የተባለውን የሞባይል ገንዘብ ማስተላለፊያ በየካቲት 1999 ዓ.ም. ስትጀምር፣ ኢትዮጵያውያን በስልካቸው አንዲት የሰላምታ መስመር መላክ አይችሉም ነበር። ይህ መዘግየት ያስከፈለው ዋጋ እስካሁን በሚገባ አልተጻፈም፤ ጎረቤት አገሮች ስልክን የገበያና የክፍያ መሣሪያ ማድረግ በተማሩባቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ገበሬና ነጋዴ ያንኑ ቀፎ ይዞ ለንግግር ብቻ ሊጠቀምበት ተገዷል።

ሌላው መሰናክል ፊደል ነበር። የግዕዝ ፊደል፣ የዓለም ጽሑፎች ሁሉ በኮምፒውተር ወጥ መለያ ቁጥር በሚያገኙበት ዩኒኮድ በተባለው ሥርዓት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ቢካተትም፣ ለብዙ ዓመታት አገር ውስጥ የገቡት ቀፎዎች ፊደሉን አያሳዩም፣ በቦታውም ባዶ አራት ማዕዘን ይደረድሩ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመደ፤ ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙ አዛውንቶች ግን በገዛ ቋንቋቸው የተላከላቸውን መልእክት ለማንበብ የልጅ ልጅ እርዳታ አስፈለጋቸው። የግዕዝ ፊደል የሚያሳዩ ስማርት ስልኮችና የመጻፊያ መተግበሪያዎች እየተስፋፉ ሲሄዱ ይህ አጥር በአመዛኙ ፈረሰ፤ የአማርኛ፣ የትግርኛና የሌሎች በግዕዝ ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎች ንባብ በስልክ መስኮት ላይ የሰፋውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የኔትወርኩ መስፋፋት ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1999 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ዜድቲኢ ከተባለው የቻይና ኩባንያ ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር የዱቤ ስምምነት የተጀመረው ግንባታ የሞባይል ምሰሶዎችን ወደ ገጠር ከተሞች አደረሰ፤ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በቀድሞው የመንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ቦታ ተተካ፤ በ2005 ዓ.ም. ዜድቲኢና ሁዋዌ በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ለሚሆን ሁለተኛ ማስፋፊያ ተዋዋሉ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አራተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ በአዲስ አበባ ተጀመረ። ከዚህ ሁሉ ጋር የተገጣጠመው ርካሽ ስማርት ስልክ ነው፤ በተለይ ቴክኖ የተባለው ኩባንያ አገር ውስጥ መገጣጠም መጀመሩ አማርኛ የሚያሳይ ቀፎን ለብዙ ገዢ አቀረበ።

ይሁንና ስማርት ስልክ የያዘ ሁሉ ዳታ፣ ማለትም የሞባይል ኢንተርኔት፣ ይገዛል ማለት አልነበረም፤ ሕዝቡ ያንን ክፍተት የሞላበት መንገድም ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በየከተማው ካርድና የጆሮ ማዳመጫ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች በኮምፒውተራቸው ዘፈን፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ፊልምና ስብከት አከማችተው በጥቂት ብር በደንበኛው ሜሞሪ ላይ ይጭኑ ጀመር። ገበያ የወጣ የገጠር ወጣት ሜሞሪውን አስሞልቶ ይመለሳል፣ መንደሩ ሲደርስ በብሉቱዝ፣ ኋላም ዜንደርና ሼርኢት በተባሉት ስልክን ከስልክ በቀጥታ በሚያገናኙ መተግበሪያዎች ለጓደኞቹ ያካፍላል። አንድ ሰው በከተማ ዋይፋይ ያወረደው ሥራ በዚህ መንገድ ኔትወርክ ወደማይደርስበት ቀበሌ ይዘልቃል። የሥራዎቹ ባለቤቶች፣ በተለይ ድምፃውያን፣ በዚህ ዝውውር ገቢያቸው ክፉኛ መጎዳቱ እውነት ነው፤ ጉዳታቸውም ሊካድ አይገባም። የአገልግሎቱ ባሕርይ ግን ቀድሞ ጎረቤትን ወደ ስልክ ያስጠራ ከነበረው ልማድ ጋር አንድ ነው፦ መስመሩ የአንድ ሰው፣ ፍሬው የብዙዎች።

የዳታ ዋጋ ሲቀንስ በቀጥታ የሚጠቀመው ሰው በፍጥነት ጨመረ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፍ በ43 በመቶ ሲቀነስ፣ በቀን፣ በሳምንትና በወር ተከፋፍለው የሚሸጡ ፓኬጆች ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው አቅም የሚመጥኑ ሆኑ። ሰዎች በዳታው ምን ይሠሩበታል ቢባል፣ ከሁሉ የሚቀድመው ድምፅ ነው። በአረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ሴቶች ከወላጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በኢሞና በመሰል መተግበሪያዎች ሲሆን፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶችም የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ሲመጣላቸው ማንም ሳያነብላቸው ይሰማሉ፣ በድምፅም ይመልሳሉ። የንባብ ችሎታ ማጣት ከኢንተርኔት ያርቃቸዋል የተባሉ ሰዎች በገዛ አንደበታቸው ወደ ውስጡ መግባታቸው የዚህ ዘመን ትልቁ ለውጥ ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመርም፣ ኢንተርኔት ባይሆንም፣ የእርሻ ምክርን በየቋንቋው በድምፅ አቅርቦ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደዋዮችን ያፈራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ትስስር ግን በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ኖሯል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ከተሰረዘ በኋላ፣ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት መዝጋት ተደጋገመ፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የሞባይል ዳታ ለሳምንታት ተቋረጠ፤ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲገደል አገሪቱ በሙሉ ወደ ሦስት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ከኢንተርኔት ውጭ ሆነች። ከሁሉ የከፋው በትግራይ የደረሰው ነው፤ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ሁለት ዓመታት ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን በአብዛኛው አካባቢ ስልክም በመጥፋቱ፣ ልጆች ወላጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ሳያውቁ ከረሙ፣ ወሬም ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ደብዳቤና ቃል ብቻ ይደርስ ነበር። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። የሞባይል ዳታ ብቻውን በሚዘጋበት ጊዜ የገመድ መስመር ያላቸው ሆቴሎችና ድርጅቶች ሥራቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ሌላ መንገድ የሌለው ተራ ሰው ግን ፈጽሞ ይቋረጣል። ኢንተርኔትን በስልክ ብቻ ያገኘ ሕዝብ፣ ሲዘጋም ከሁሉ በፊትና ከሁሉ በላይ የሚጎዳ ሕዝብ ነው፤ ስለ ተደራሽነት የሚጽፍ ማንኛውም ሰው ይህን ከደንበኞች ቁጥር አጠገብ ሊያስቀምጠው ይገባል።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገበያው መልኩን ለውጧል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ጀመረ፤ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከፍቶ፣ ከምዕተ ዓመት በላይ የቆየው የአንድ ተቋም ብቸኝነት አበቃ። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ሲደረግ፣ የታክሲና የጭነት መኪና ሾፌሮች በአንድ ጊዜ የስልክ ክፍያ ተጠቃሚ ሆኑ። እስከ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ80 ሚሊዮን፣ የቴሌብር ተጠቃሚዎችም ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል፤ ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ስማርት ስልክ የላቸውም፣ ዳታም አይገዙም። በተራ ቀፎ *127# ብለው ገንዘብ ይልካሉ፣ ይቀበላሉ፤ ቁጥሩን መከተል የሚከብዳቸውም ስልኩን ለልጃቸው ወይም ለባለ ሱቁ ሰጥተው ያስደርጋሉ። በቆጠራ ጊዜ እነዚህ ሰዎች ከኢንተርኔት ውጭ እንዳሉ ይመዘገባሉ፤ ከባሕር ማዶ ልጃቸው የሚልከው ብርና በጎረቤታቸው ስልክ የሚመጣው ድምፅ ግን በዚያው በኢንተርኔት በኩል ያልፋሉ።