ድሬዳዋ ላይ የወረዱት ራስ

ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር የምናወሳው የ1933ቱን መመለስ ነው፤ ስለ መሄዱ እምብዛም አይወራም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ሳይነጋ ከአዲስ አበባ የተነሣው የንጉሠ ነገሥቱ ባቡር ግን ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ አንድ ክርክር ጥሎ አልፏል።

ስለ ጣቢያው ብዙ ማለት አያሻም። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 እዚህ ደረሰ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር፤ ዳገቱ ወጪ አብዝቶ ቆላው ላይ ቀረ፣ ከተማዋም በሐዲዱ ዙሪያ በቀለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

ወደ ርእሱ ሰው እንምጣ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ፣ የጎጃሙ ገዢ ራስ ኃይሉ ይህን ጣቢያ ያውቁታል። በሚያዝያ 1916 አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ፣ የኋላው ንጉሠ ነገሥት፣ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ፣ በዚሁ መስመር ካጀቧቸው መኳንንት አንዱ እርሳቸው ነበሩ። በ1924 ግን ከሥልጣን የወረዱትን ልጅ ኢያሱን ከፍቼ ግዞት በማስመለጥ ሤራ ተከሰው ግዛታቸውን አጡ፤ ታሰሩም። ከ1916ቱ ጉዞ 12 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በሚያዝያ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በባቡር ሲሄዱ እስረኛ ሆነው ነው።

ድሬዳዋ ላይ ወረዱ። ጭቅጭቁ እንዴት ወረዱ የሚለው ላይ ነው።

አንደኛው ወገን በግርግሩ ሾልከው አመለጡ ይላል። ለወሬ ይጥማል። ግን በንጉሠ ነገሥቱ ዘበኞች መካከል የተቀመጡ፣ አገር የሚያውቃቸው ትልቅ ሰው፣ በአደባባይ እንዴት ይሾልካሉ? ሁለተኛው ወገን ተለቀው ነው ይላል፤ እኔም ወደዚህኛው አደላለሁ። ከድሬዳዋ ቀጥሎ የሚጠብቀው ያኔ የፈረንሳይ ግዛት የነበረችው ጂቡቲ ነው፤ ስደተኛ ንጉሥ በሰው አገር እስረኛ ይዞ መዞር በየትኛው ሕግ ይሆንለታል? የሐረሩ የእንግሊዝ ቆንስል ቻፕማን አንድሪውስም ንጉሡን ያገኘው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ስለ እስረኛው ሳይነጋገሩ ተለያዩ ብሎ ማመን ይከብዳል።

  

ራስ ኃይሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ለጣሊያን ገቡ። በታኅሣሥ 1929 አርበኞቹ ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋወሰን በእርሳቸው አግባቢነት እጅ ሰጥተው ተገደሉ፤ ቦታውም ያው ፍቼ ነው። በመጋቢት 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ራስ ኃይሉ ወጥተው እጅ ነሱ። ቻፕማን አንድሪውስም ከንጉሡ ጋር ከሱዳን ተመልሶ ነበር። ራስ ኃይሉን መልቀቁ ምሕረት ይሁን ስሌት፣ ዋጋውን የከፈሉት ፍቼ ላይ የወደቁት ናቸው።

በ2009 በተመረቀው አዲስ መስመር የሚሄድ መንገደኛ የሚሳፈረው ከከተማው ወጣ ብሎ ከተሠራው ጣቢያ ነው። ከዚራ ሰፈር ያለውን አሮጌውን ጣቢያ የሚጎበኝ እንግዳ ስለ ሎኮሞቲቮቹና ስለ ጋራዡ ይነገረዋል፤ ስለ ራስ ኃይሉም ቢጨመርለት ጥሩ ነው። የትኛውን ወሬ እንደሚነግረው አስጎብኚው ይምረጥ፤ የእኔ ምርጫ ከላይ ተጽፏል።