የእነዋሪው ፎቶ ለምን ጠቆረ?

እነዋሪ ሄደን አያታችንን ፎቶ አነሳናቸው። አዲስ አበባ ስንመለስ ኮምፒውተር ላይ አሰማምረን አሳጠብነው። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ፈክቶ የነበረው ፊታቸው ከጅሩ ዋልካ አፈር ጋር ተመሳስሏል። ፎቶ ቤቱን ልንጣላ ስንል ጥፋቱ የእኛው ሆኖ ተገኘ። ስክሪናችን ከልክ በላይ ስለሚያበራ ጨለማውን ፎቶ ብሩህ አስመስሎ አሳይቶናል። ወረቀት ደግሞ የራሱ መብራት የለውም።

ነገሩ ታሪክ አለው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮዳክ ለፎቶ አጣቢዎች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ፊት ካማረ ማሽኑ ተስተካከለ ተባለ፤ የጠይም ፊት ጉዳይ አላሳሰባቸውም። በ1996 (እ.ኤ.አ.) ኤችፒና ማይክሮሶፍት ኤስአርጂቢ የተባለውን የጋራ የቀለም ደረጃ አቀረቡ፤ የስክሪን ነጭ 6500 ኬልቪን ገደማ ሆነ። ዛሬ ይህን የሚለካ፣ ስክሪን ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ አለ፤ እሱ ፊት አይመርጥም።

መሣሪያው ከሌለስ? የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፤ አንድ ፎቶ በትንሹ አሳጥባችሁ ከስክሪኑ ጋር አስተያዩ። ማመሳከሪያችሁ ግን ሸርሊ ሳትሆን አያታችሁ ይሁኑ።