ባለቤቱ የጣለውን ተመልካች ያቆየው ድራማ

እ.ኤ.አ. በ2013 ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ አንድ የእንግሊዝ የእሁድ ጋዜጣ ትልቅ ዜና ይዞ ወጣ። ለአርባ ዓመታት ያህል የደረሱበት ያልታወቀ ቢያንስ መቶ የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች ተገኝተዋል፤ የተገኙትም በኢትዮጵያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ነው ይላል። የድራማው ወዳጆች በደስታ ሊያብዱ ደረሱ። በዚያው ሳምንት ግን ቢቢሲ እውነቱን ተናገረ። የተገኙት የጠፉ ክፍሎች ዘጠኝ ናቸው፤ የመጡትም ከናይጄሪያዋ ጆስ ከተማ ነው። የእኛ ስም በስህተት ይነሣ እንጂ የእንግሊዞችን ድራማ አፍሪካ ውስጥ መፈለጉ ስህተት አልነበረም። ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ ምዕተ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዶክተር ሁ» ኖቬምበር 23 ቀን 1963፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግስት የጀመረ ምናባዊ ተከታታይ ድራማ ነው። ከውጭ ሲያዩት ሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሳጥን የሚመስል፣ ሲገቡበት ግን አዳራሽ በሚያክል መንኮራኩር በዘመናትና በጠፈር መካከል የሚንከራተት የአንድ እንግዳ ሽማግሌ ታሪክ ነው። አዘጋጇ ቬሪቲ ላምበርት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ወጣት ስትሆን የመጀመሪያውን ታሪክ የመራው ደግሞ ህንድ የተወለደው ዋሪስ ሁሴን ነበር። እስከ 1969 ድረስ 253 ክፍሎች በጥቁርና ነጭ ተላለፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለዛሬ ሰው ማመን ያስቸግራል። በዚያ ዘመን የቪዲዮ ቴፕ እጅግ ውድ ነበር። ከተዋንያን ማኅበር ጋር የነበረው ስምምነትም አንድን ፕሮግራም እንደልብ ደግሞ ማሳየትን አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ቢቢሲ ቴፖቹን እየደመሰሰ ሌላ ፕሮግራም ይቀዳባቸው ጀመር። ከስድሳዎቹ «ዶክተር ሁ» ዋና ቴፖች አንድም የተረፈ የለም። የቀረው ተስፋ ለውጭ አገር ጣቢያዎች ሽያጭ የተገለበጠው 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር። እሱም የሽያጭ ውሉ ጊዜ ሲያልፍ እየተለቀመ ተወገደ። ጥፋቱ የቆመው በ1978 ነው። ያን ውሳኔ ያሳለፉትን ሰዎች በክፋት አልጠረጥራቸውም። ሰው አንድ ቀን ድራማ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቢሆንም አንድ የሕዝብ ተቋም የሕዝብን ትዝታ በእጁ ማቃጠሉ እስከ ዛሬ ያንገበግባል።

ባለቤቱ ሲያጠፋ የያዙት እነማን ነበሩ? ከሁሉ በፊት ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ማታ የቴፕ መቅረጫቸውን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው፣ ማይክሮፎኑን ወደ ድምፅ ማውጫው አስጠግተው፣ «ማንም እንዳይናገር!» ብለው ቤተሰቡን ጸጥ ያሰኙ ልጆች። አንዳንዱ ብልህ ደግሞ ሽቦውን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኝ ነበር። በእነሱ ትጋት የጠፉት ክፍሎች ሁሉ ድምፅ፣ አንድ ሳይቀር፣ ዛሬ ይገኛል። ጆን ኩራ የሚባል ፎቶ አንሺ ደግሞ ሥራው ብሎ ከቴሌቪዥን መስታወት ላይ ፎቶ ያነሳና ለተዋንያንና ለዳይሬክተሮች ይሸጥ ነበር። በብዙዎቹ የጠፉ ክፍሎች ምን ይታይ እንደነበር የምናውቀው ከእሱ ፎቶዎች ነው።

የቪዲዮ ካሴት ዘመን ሲመጣ የጉዳቱ ልክ በገሃድ ታየ። በ1983 ፋሲካ ሰሞን ሎንግሊት በተባለው ቦታ የድራማው ሃያኛ ዓመት ሲከበር፣ ቢቢሲ በካሴት መጀመሪያ የትኛው ታሪክ ይውጣላችሁ ብሎ ተመልካቹን ጠየቀ። ምርጫው በ1967 የተላለፈው «የሳይበርሜን መቃብር» ሆነ። ከዚህ ታሪክ ግን በእጃቸው አንድም ክፍል አልነበረም! በምትኩ «የሳይበርሜን በቀል» የተባለው፣ ተዋናዩ ቶም ቤከር ዶክተሩን ሆኖ በሚጫወትበት ዘመን የተሠራው ታሪክ ወጣ፤ ዋጋውም 40 ፓውንድ ገደማ። የተጠየቀው ታሪክ አራቱም ክፍሎች የተገኙት ሆንግ ኮንግ ከሚገኝ ጣቢያ ሲሆን በ1992 በካሴት ታተመ። ሰው አምሮቱን ለመወጣት ዘጠኝ ዓመት ጠበቀ ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን በ1971 የተላለፈው «አጋንንቱ» የተባለው ታሪክ አዳዳን ነው። ሲተላለፍ ባለ ቀለም ነበር። ከአምስቱ ክፍሎች አራቱ በቢቢሲ እጅ የቀሩት ግን በጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ ተመልካች ታሪኩን ከአገሩ ጣቢያ ላይ በቤት ቪዲዮ መቅረጫ በቀለም ቀድቶት ኖሯል። ቅጂው ጥራት የለውም፤ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ቀለሙ ይፈስሳል። ባለሙያዎቹ ታዲያ ጥርት ያለውን ምስል ከፊልሙ፣ ቀለሙን ከካሴቱ ወስደው አንዱን በሌላው ላይ ገጠሙት። ሁለቱ ፍሬም በፍሬም እንዲገጣጠሙ የካሴቱን ምስል እየሳቡና እያጣመሙ ማስተካከል ነበረባቸው። በ1993 ለሽያጭ የበቃው ካሴት እንግዲህ አንድ ተራ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ የቀዳውን ቀለም የተሸከመ ነው። ነገሩ እኛንም ይመለከታል፤ የእኛ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም.፣ ከዚህ ድራማ ብዙም ሳይርቅ ነው። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የድሮ የበዓል ፕሮግራም ያለበት ካሴት ያለው ሰው አደራ፣ ከመጣሉ በፊት ያስገልብጠው።

የሳንሱር ነገርም አለ። የአውስትራሊያ ሳንሱር ለልጆች ያስፈራሉ ያላቸውን ትዕይንቶች በመቀስ እየቆረጠ ያወጣ ነበር። ሙሉዎቹ ክፍሎች ጠፉ፤ ቁራጮቹ ግን መንግሥት መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጠው በ1996 ተገኙ። በ2004 በወጣው የዲቪዲ ስብስብ ውስጥ ገብተዋል። ከአንዳንዱ ታሪክ እስካሁን የሚንቀሳቀስ ምስል የምናየው የተከለከለውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጆስ እንመለስ። ቢቢሲ ፊልሞቹን ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለካሪቢያን ጣቢያዎች ይሸጥ ነበር። አንዱ ጣቢያ አሳይቶ ሲጨርስ ለሌላው የሚያስተላልፍበት ጊዜም ነበር። ናይጄሪያ ከዚያ በፊትም፣ በሰማንያዎቹ፣ የጠፉ ክፍሎችን መልሳለች። ፊሊፕ ሞሪስ የሚባለው የፊልም አሳሽ ጆስ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ቤት ገብቶ የፊልም ጣሳዎቹን አቧራ ሲጠርግ፣ በተለጠፈው ወረቀት ላይ «ዶክተር ሁ» የሚለውን ስም አነበበ። በዚያ ሙቀት ፊልሙ አለመበላሸቱ የሚገርም ነው። የስድስት ክፍሉ «የዓለም ጠላት» ሙሉ በሙሉ ተሟላ፤ «የፍርሃት ድር» ደግሞ ከአንድ ክፍል በቀር ተገኘ። ሁለቱም በወራት ውስጥ በዲቪዲ ወጡ።

ያ የጎደለው ሦስተኛው ክፍል ነው። ሞሪስ እንደሚለው መጀመሪያ ሲቆጥራቸው ስድስቱም ነበሩ፤ ለንደን የደረሱት ግን አምስት ናቸው። የጎደለው ክፍል በ2021 በካርቱን ተሠርቶ ወጥቷል። በ2014ቱ ዲቪዲ ላይ ያን ክፍል የሚከፍት ሰው የሚያየው በጆን ኩራ ዓይነት ከመስታወት ላይ የተነሡ ፎቶዎችን ነው። የሚሰማው ድምፅ በ1968፣ ድራማው በተላለፈበት ምሽት፣ ከተመልካች ቤት የተቀዳው ነው።